አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ አዲስ ሻጭና የመጀመሪያው የቤት ግብዣ

እንደሚታወቀው በትምህርት ክፍላችን ስለ መገናኛ ብዙኃን ሲነሳ ቀድመው የሚመጡልን ጋዜጣ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ናቸው፤ አሁን ደግሞ ኢንተርኔት ተጨምሯል። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ መገናኛ አለ፤ እሱም የጎረቤት አፍ ነው። ኤሊሁ ካትዝና ፖል ላዛርስፌልድ እ.ኤ.አ. በ1955 «ፐርሰናል ኢንፍሉዌንስ» የተባለውን መጽሐፍ ያሳተሙት በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ ዲኬተር ከተማ የሚኖሩ 800 ያህል ሴቶችን መነሻ አድርገው ነበር። ሴቶቹ ምን እንደሚገዙ፣ ምን እንደሚለብሱ፣ የትኛውን ፊልም እንደሚያዩ ሲጠየቁ የሚያውቁት ሰው ምክር ትልቅ ቦታ እንዳለው ታየ። «የሁለት ደረጃ ፍሰት» የምንለው ንድፈ ሐሳብ ይኸው ነው። በክፍላችን ለፈተና ያልሸመደደው ያለ አይመስለኝም።

እኔ ግን ንድፈ ሐሳቡን በተግባር ያየሁት የአክስቴ ልጅ የማብሰያ ዕቃ ለሚሸጥ አንድ ድርጅት ሻጭ ሆና በተመዘገበች ጊዜ ነው። የመጀመሪያውን የቤት ግብዣ ልታዘጋጅ ስትል «አንተ ኮሙኒኬሽን ነው የምትማረው፤ በል አግዘኝ» አለችኝ። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ለእሷ ብዬ ካነበብኩትና አብረን ከሠራነው የተውጣጣ ነው። ለሚሸጥም ለሚገዛም፣ እንዲሁም ስለ ንግድ ለሚዘግብ ጋዜጠኛ ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

ነገሩ ከየት መጣ?

የቤት ግብዣ ሽያጭ ማለት ሱቅ ከፍቶ ደንበኛ ከመጠበቅ ይልቅ ወዳጅ ዘመድን ቤት ጠርቶ ዕቃ ማሳየትና እዚያው ትእዛዝ መቀበል ነው። ሦስት ወገኖች አሉበት፤ ቤቷን የምትሰጥ ጋባዥ፣ ዕቃውን የምታሳይ ሻጭ እና ተጋባዦች። ጋባዧ ለድካሟ ስጦታ ታገኛለች፤ ሻጯ ደግሞ ኮሚሽን። አዲስ ሻጭ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምትጀምረው በራሷ ቤት ስለሆነ ጋባዥም ሻጭም እሷው ናት። የመጀመሪያው ግብዣ የሚከብደውም ለዚህ ነው፤ በአንድ እጅ ቡና፣ በሌላው ድስት።

የዚህ ዘዴ ዋና ምሳሌ ታፐርዌር ነው። አርል ታፐር የተባለው አሜሪካዊ ክዳኑ አየር የማያስገባ የፕላስቲክ ዕቃ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አጋማሽ ለገበያ አቀረበ። ዕቃው ጥሩ ነበር፤ ሱቅ ውስጥ ግን ዞር ብሎ የሚያየው ጠፋ። ክዳኑ እንዴት እንደሚገጠም የሚያሳይ ሰው አልነበረማ! ይህን የተረዳችው ብራውኒ ዋይዝ ነበረች። ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ የዲትሮይት ሴት ስትሆን፣ ቀደም ሲል ስታንሊ ሆም ፕሮዳክትስ ለተባለ ድርጅት የጽዳት ዕቃ በቤት ግብዣ ትሸጥ ነበር። ፈሳሽ የሞላበትን የተከደነ ጎድጓዳ ሳህን በእንግዶቹ ፊት ትወረውረዋለች፤ አይፈስም። ከዚህ በላይ ማስታወቂያ ከወዴት ይመጣል? እ.ኤ.አ. በ1951 ታፐር ምክትል ፕሬዚዳንት አድርጎ ሾማት፤ ዕቃውንም ከሱቅ አውጥቶ በቤት ግብዣ ብቻ መሸጥ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1954 «ቢዝነስ ዊክ» መጽሔት ሽፋኑ ላይ ያወጣት የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

የታሪኩ መጨረሻ ግን እንደ መጀመሪያው አያምርም። እ.ኤ.አ. በ1958 መጀመሪያ ላይ ከሥራዋ ተባረረች። የአክሲዮን ድርሻ አልነበራትም። በዚያው ዓመት ታፐር ድርጅቱን ሬክሶል ለተባለ ኩባንያ በ16 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው። ይህን ለአክስቴ ልጅ ስነግራት ትንሽ ዝም አለችና «ታዲያ እኔ ጋ የሚቀረው ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄው ጥሩ ስለሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ለአዲስ ሻጭ የሚሆኑ አምስት ነጥቦች

1. መጀመሪያ ማየት። ሜሪ ኬይ አሽ እ.ኤ.አ. በ1963 በዳላስ ከተማ የራሷን የመዋቢያ ድርጅት ከመክፈቷ በፊት እሷም የስታንሊ ሻጭ ነበረች። በራሷ መጽሐፍ እንደተረከችው፣ ስትጀምር በአንድ ግብዣ የምትሸጠው በአማካይ 7 ዶላር ያህል ነበር። ከሰው 12 ዶላር ተበድራ ወደ ድርጅቱ ዓመታዊ ስብሰባ ሄደች። እዚያም በሽያጭ አንደኛ የወጣችውን ሴት «እባክሽ እንዴት እንደምትሠሪ አሳዪኝ» ብላ ለምና 19 ገጽ ማስታወሻ ያዘች። ከዚህ የምንማረው አዲስ ሻጭን ንግግር ከማስሸምደድ በፊት የልምድ ባለቤት ሌላ ሰው ቤት ስትሸጥ ማሳየት እንደሚሻል ነው። እኛም የአክስቴን ልጅ ያስመዘገበቻት ሴት ያዘጋጀችው አንድ ግብዣ ላይ ሄደን ኋላ ተቀመጥን። እኔ ሰዓት ያዝኩ፤ እሷ ሰው የሚጠይቀውን ጻፈች። ከዋጋ ቀጥሎ በብዛት የተጠየቀው «በከሰል ላይ ይሆናል?» የሚለው ነበር። የድርጅቱ ካታሎግ ስለዚህ አንድ መስመር እንኳ የለውም።

2. የጥሪው ቃል። ያስመዘገበቻት ሴት 100 የምታውቃቸውን ሰዎች ስም እንድትጽፍና ስትጠራቸው ስለ ሽያጩ ምንም እንዳታነሳ ነግራት ነበር። «ቡና ጠጡ በያቸው፣ ሌላው እዚያው ይደርሳል።» እዚህ ላይ አልተስማማንም። በእኛ አገር «ቡና ጠጡ» ብሎ መጥራት የጉርብትና ቃል ነው። ሰው ለወሬና ለመጠያየቅ መጥቶ ድስት ሲዘረገፍበት ፊት ለፊት ባይናገርም ልቡ ይቀየማል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠራ ደግሞ ይጠረጥራል። ስለዚህ ጥሪው «ቡና ጠጡ፣ የጀመርኩትንም የዕቃ ሽያጭ አሳያችኋለሁ፤ መግዛት ግዴታ አይደለም» የሚል ሆነ። 14 ሰው ጠራን፤ 8 መጡ። ቀሪዎቹ ደውለው ይቅርታ ጠየቁ። ለመጀመሪያ ጊዜ 8 ሰው በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ለመዞርም ጊዜ አይበቃ።

3. የግብዣው ቅደም ተከተል። የውጭዎቹ መመሪያዎች ጨዋታ፣ ሽልማት ምናምን ይላሉ። የእኛ ቡና ግን የራሱ ሥርዓት አለው፤ እሱን መከተል ይበልጣል። ቡናው ሲቆላና ሲወቀጥ ስለ ዕቃ ማውራት ከንቱ ነው። ጭስ አለ፣ ልጅ ያለቅሳል፣ ሰው ገና እየገባ ነው። አቦል የሰላምታና የጨዋታ ይሁን። ቶና ሲቀርብ ሁሉም ተረጋግቶ ስለተቀመጠ ማሳየት የሚቻለው ያኔ ነው፤ ከ20 ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል። በረካ ላይ ትእዛዝ መቀበል፤ የማይገዛውም ቡናውን ጠጥቶ፣ መርቆ በሰላም ይወጣል። ቡናውን ደግሞ ሌላ ሰው ያፍላ። እኛ ቤት ታናሽ እህቷ ስላፈላች ሻጯ ከድስቷ ጋር ቀረች።

4. ማሳየት እንጂ መስበክ አይደለም። የአክስቴ ልጅ የተሰጣት ንግግር ሁለት ገጽ ነበር፤ «ዘመኑ ያፈራው የቴክኖሎጂ ውጤት» እያለ የሚቀጥል። አንብባልኝ ስትጨርስ ድስቱ ምን እንደሚሠራ አልገባኝም። ዜና አጻጻፍ ላይ እንደምንማረው ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት ብለን ጠይቀን ወደ ስድስት ዓረፍተ ነገር አወረድነው። ቀጥሎ ዕቃውን በሥራ ማሳየት መጣ። ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጋ እንቁላል ጠበሰች፤ ሳይያዝ ተንሸራትቶ ወጣ። አንዷ እንግዳ «እስቲ እኔ» ብላ ራሷ ጠበሰች። ከዚያ በኋላ ሻጯ ብዙ መናገር አላስፈለጋትም፤ እንግዶቹ እርስ በርሳቸው ይጠያየቁ ጀመር። ጉድለቱንም መናገር ያስፈልጋል። «በሽቦ ከታጠበ ይላጣል፣ የብረት ማንኪያም አይወድም» ስትል አንድ ሰው አልሸሸም፤ እንዲያውም ሌላውን ነገር አምነው ሰሟት።

5. «አይ» የሚልን ሰው ማክበር። የሥነ ልቦና ምሁሩ ሮበርት ሲያልዲኒ እ.ኤ.አ. በ1984 በታተመው «ኢንፍሉዌንስ» መጽሐፉ የታፐርዌርን ግብዣ እንደ ዋና ምሳሌ ያነሳዋል። እሱ እንደሚለው ገዢዋ እሺ የምትለው ሻጯን ብላ ሳይሆን የጋበዘቻትን ወዳጇን ብላ ነው። ይህ ለሻጭ ኃይል ነው፤ ለወዳጅነት ግን አደጋ ነው። ይሉኝታ በበዛበት እንደ እኛ ባለ ማኅበረሰብ ደግሞ ኃይሉ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በሰው ፊት አንድ በአንድ «አንቺስ? አንቺስ?» ብሎ መጠየቅን ተውነው። ማዘዣው ደብተር ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ የፈለገ ጻፈ። ጎረቤታችን እንጀራ ሸጠው የሚተዳደሩ እናት ናቸው። «ልጄ፣ ድስት አለኝ፤ ቡናሽን ግን እስከ በረካ እጠጣለሁ» አሉ። የአክስቴ ልጅም «ይጠጡ እንጂ እማማ» ብላ ሁለተኛ ስኒ ቀዳችላቸው። በማግስቱ አንዲት ደንበኛቸውን ይዘው የመጡት እኚሁ እናት ናቸው።

ሂሳቡስ?

አሁን ወደ ቅድሙ ጥያቄ ልመለስ፤ እሷ ጋ የሚቀረው ምንድን ነው? በዕለቱ እያንዳንዳቸው 1,800 ብር የሆኑ 4 መጥበሻዎች ተሸጡ፤ በድምሩ 7,200 ብር። ኮሚሽኗ 20 በመቶ ስለሆነ 1,440 ብር አገኘች። ቤተሰቡ «ጎበዝ!» ብሎ አጨበጨበ። እኛ ግን ደብተር አውጥተን ወጪውን ጻፍን፤ ቡና፣ ስኳር፣ ፈንዲሻ፣ ዳቦ፣ ከሰል፣ እንቁላልና ዘይት፣ ዕቃውን ለማድረስ ታክሲ፣ በጠቅላላው 860 ብር። የቀራት 580 ብር ነው። ሁለት ቀን ሙሉ የፈጀባትን ጊዜ አልቆጠርንም።

ለመመዝገብ ደግሞ ከኪሷ 7,000 ብር አውጥታ የመነሻ ዕቃ ገዝታለች። በየግብዣው 580 ብር ብታተርፍ ገንዘቧን ለመመለስ 12 ግብዣ እንኳ አይበቃትም። ታዲያ የምታውቃቸው ሰዎች 12 ቡና ይሞላሉ ወይ? አንድ ጎረቤትስ ስንት መጥበሻ ይገዛል? አዲስ ሻጭን መርዳት ከተባለ ትልቁ እርዳታ ይህን ሂሳብ ከመመዝገቧ በፊት አብሮ መሥራት ነው። ከተመዘገበች በኋላ ደግሞ ከወዳጅ ክበብ የምትወጣበትን መንገድ መፈለግ ነው፤ ማለትም ከመጡት እንግዶች መካከል በፈቃዷ ቤቷን የምትሰጥ አንዲት ጋባዥ ማግኘት። በዚህ በኩል ተሳክቶላት ሁለተኛው ግብዣ ሌላ ሰፈር ተደረገ።

መስመሩ የት ላይ ነው?

ያስመዘገበቻት ሴት ሂሳቡን ስትሰማ መልስ ነበራት፤ «በመጥበሻ አይደለም የሚከበረው፣ ሰው አስመዝግቢ!» ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ገቢው የሚመጣው ዕቃውን ለሚጠቀም ሰው በመሸጥ ከሆነ ንግድ ነው። አዲስ የሚገባው ሰው ከሚከፍለው ገንዘብ ከሆነ ግን ፒራሚድ ይባላል፤ የመጨረሻዎቹ ገቢዎች የሚያመጡት ሰው ስለማይኖራቸው ከስረው ይቀራሉ። በአገራችን በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 የፒራሚድ ሽያጭን ከልክሏል። በአሜሪካ ደግሞ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ቤት ድረስ መጥቶ ለሚሸጥ ዕቃ ገዢው በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ሐሳቡን ቀይሮ ገንዘቡን እንዲያስመልስ የሚፈቅድ ደንብ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ አለው። በደንቡ መሠረት ገዢ ቤቱ ተቀምጦ «አይ» ለማለት ስለሚቸገር ቆም ብሎ የሚያስብበት ጊዜ ያስፈልገዋል።

የአክስቴ ልጅ ያስመዘገበቻትን ሴት «ዕቃ እሸጣለሁ፣ እንግዶቼን ግን አላስመዘግብም» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ስልክ መደወሉ ቀንሷል። የ7,000 ብሩ ጉዳይ ገና አልተዘጋም፤ ደብተሩ ግን አለ፣ በየሳምንቱም ይጻፍበታል።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎችስ?

ታፐርዌር ራሱ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 በአሜሪካ የኪሳራ ጥበቃ ለመጠየቅ ፍርድ ቤት ቀርቧል። ዘዴው ግን አልሞተም፤ በየሰፈሩ በድስት፣ በመዋቢያና በ«ጤና ምርት» ስም አለ። አንዳንዱ ሐቀኛ ንግድ ነው፤ አንዳንዱ የሰው እንባ ነው። እኛ ዘንድ የሚጻፈው ደግሞ ወይ የድርጅቱ ማስታወቂያ፣ ወይ ከከሰሩ በኋላ የሚሰማ ለቅሶ ነው። በመካከል ያለውን፣ ማለትም ደብተሩን ከፍቶ የሚያሰላ ዘገባ ብዙም አላየሁም። ለመስክ ሥራ ርዕስ የቸገራችሁ የክፍል ጓደኞቼ፣ እስቲ በሰፈራችሁ አንዲት አዲስ ሻጭ ፈልጉና ሦስት ነገር ጠይቋት፤ ለመግባት ስንት ከፈልሽ? ባለፈው ወር ለተጠቃሚ ስንት ሸጥሽ? ወጪሽ ስንት ነበር? መልሱን ይዛችሁ ኑና በክፍል እንወያይበት። መምህራንም ብትጨምሩበት ደስ ይለኛል።