ደም ሥርሽን ከማሳከምሽ በፊት መገጣጠሚያሽ ይረፍ

እታለም፣ እግርሽን በቀሚስሽ ሸፍነሽ መኖሩ ይብቃሽ። ከጉልበትሽ በታች የተጠማዘዘው ደም ሥር ከዓመት ዓመት እያበጠ ነው። ሲመሽ እግርሽ እንደሚከብድሽ፣ ሌሊት ባትሽን እንደሚጨመድድሽ አውቃለሁ። ለመታከም መወሰንሽ ደስ ብሎኛል። ግን አንቺን የያዘሽ የደም ሥር ሕመም ብቻ አይደለም። ሐኪሞቹ ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚሉት፣ እኛ በደፈናው ቁርጥማት የምንለው የመገጣጠሚያ ብግነት አለብሽ፤ ፕሬድኒሶሎንና ሜቶትሬክሴት ትወስጃለሽ። ለጎረቤትሽ የሆነው ሕክምና ላንቺም እንደዚያው ይሆናል ብለሽ እንዳትነሺ ነው የምነግርሽ።

መጀመሪያ የትኛው ሕመም የትኛው እንደሆነ ለዪ። ጠዋት ስትነሺ ጣቶችሽና ቁርጭምጭሚትሽ ግትር ብለው ከቆዩ፣ ስትንቀሳቀሺ ደግሞ ከለቀቁሽ፣ ያ የመገጣጠሚያው ነው። ጠዋት ቀሎሽ ተነስተሽ፣ ምጣድ ሥር ወይም ሱቅ ስትቆሚ ውለሽ ማታ ከከበደሽ፣ እግርሽን ትራስ ላይ ሰቅለሽ ስትተኚም ከቀለለሽ፣ ያ የደም ሥሩ ነው። ይህን ሳይለዩ ብዙዎች ገንዘባቸውን ያወጣሉ። ደም ሥራቸው ታክሞ ይድናል፤ ቁርጭምጭሚታቸው ግን ጠዋት ጠዋት እንደ ድሮው ያማቸዋል፤ «ሕክምናው አልሠራልኝም» ብለው ይመለሳሉ። ሐኪሙ ዘንድ ስትገቢ የትኛው ሰዓት ላይ የቱ ጋ እንደሚያምሽ በትክክል ንገሪው። ሁለቱም እግሮችሽ እኩል ካበጡ ወይም ፊትሽም የሚያብጥ ከሆነ፣ ልብሽና ኩላሊትሽ ይታዩ።

ደም መላሽ ሥሮች ውስጥ ደሙ ወደ ልብ ሲወጣ እያሳለፉ ወደ ታች እንዳይመለስ የሚዘጉ ትናንሽ ክዳኖች አሉ። የሆርማት ወንዝን ጎርፍ ወደ ማሽላ ማሳ የጠለፈ ገበሬ ክተሩ ከተናደበት ውኃው ወደማይፈለግበት ሄዶ እንደሚተኛው፣ ክዳኑ የላላበት ደምም ወደ ታች ተመልሶ ይተኛል፤ ሥሩ ይለጠጣል፣ ይጠማዘዛል። ከቤተሰብ መውረሱ፣ ደጋግሞ መውለዱ፣ ረጅም ጊዜ መቆሙ ሁሉ ያመጡታል። የእኛ የቆቦ ቆላ ሙቀት ደግሞ ሥሩን ይበልጥ ያሰፋዋል፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ የሚብስብሽ ለዚህ ነው።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ብግነት ደምን ለመርጋት ያቀርበዋል። ሩማቶይድ አርትራይተስ ያለበት ሰው እግሩ ውስጥ ደም የመርጋት ዕድሉ ከሌላው ሰው ይበልጣል፤ ሕመሙ በተነሳበት ሰሞን ደግሞ ስጋቱ ይጨምራል። የደም ሥር ሕክምናም በራሱ፣ አልፎ አልፎ ቢሆንም፣ ደም ሊያረጋ ይችላል። ሁለቱ በአንድ ሰሞን እንዲገናኙ አትፍቀጂ። እጅሽ አብጦ፣ ጉልበትሽ ግሎ ባለበት ወር ቀጠሮ ቢሰጥሽ እንኳ «መገጣጠሚያዬ ተነስቶብኛል» ብለሽ አስተላልፊው። ያበጠ ደም ሥር ቢቆይ አብዛኛውን ጊዜ ብዙ አይጎዳሽም። የሚያስቸኩሉሽ ነገሮች ከታዩ ግን ሌላ ነው፤ ሥሩ ከደማ፣ ከቁርጭምጭሚትሽ በላይ ቁስል ከወጣ ወይም ቆዳው ከጠቆረና ከጠነከረ አትዘግዪ። ሉፐስ የሚባለው የብግነት ሕመም ያለባት እህት ካለች ደግሞ አንቲፎስፎሊፒድ የሚባለውን የደም ምርመራ ከሕክምናው በፊት ትጠይቅ፤ ያ ከተገኘባት ደም የመርጋት ስጋቷ ከፍ ያለ ነው።

ስለ መድኃኒትሽ በጣም አደራ። ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ማቆም የለበትም። ሰውነት የራሱን ኮርቲሶል መሥራት ስለሚተው፣ መድኃኒቱ ሲቋረጥ የደም ግፊት ወርዶ ሕይወት የሚያሳጣ መዝለፍለፍ ሊመጣ ይችላል። በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ቆቦና ወልድያ መድኃኒት በጠፋ ጊዜ ስንቱ ሕመምተኛ እንደተንገላታ አይተሻል፤ መንገድ ይዘጋል ብለሽ አስቢና የጥቂት ሳምንት መጠባበቂያ ቤትሽ ይኑር። ደግሞም ፕሬድኒሶሎን ቆዳን ያሳሳል፣ ቁስል ያዘገያል፣ ኢንፌክሽንንም ይደብቃል። የበሰበሰ ጥርስ ወይም የእግር ቁስል ካለሽ አስቀድመሽ ታከሚው።

ሜቶትሬክሴትን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የምትወስጂው፤ በየቀኑ የወሰደ ሰው ሊሞት ይችላል፤ ልጆችሽም ይወቁት። «ቀዶ ሕክምና አለብኝ» ብለሽ በራስሽ አታቁሚው። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ ከዳሌና ጉልበት ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ጋር በ2022 እ.ኤ.አ. ለዳሌና ለጉልበት መገጣጠሚያ ቅየራ ባወጣው መመሪያ ሜቶትሬክሴት በቀዶ ሕክምናው ሰሞን ይቀጥል ይላል፤ ባዮሎጂክ የሚባሉት መርፌዎች ግን አንድ ዙር ይዘለላሉ። የደም ሥር ሥራ ከዚያ ይቀላል፤ ቢሆንም ውሳኔው የሐኪምሽ ነው። ለማርገዝ ካሰብሽም ቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ሜቶትሬክሴት ለፅንስ አይሆንም። ሕመም ሲብስብሽ ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ እየገዛሽ ከነዚህ ጋር አትደርቢ፤ ጨጓራሽን ያደማል፣ ኩላሊትሽንም ይጎዳል።

የደም ሥር ሕክምናው ብዙ ዓይነት ነው። የብሪታንያው የጤና መመሪያ ተቋም ናይስ በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መጀመሪያ በሙቀት፣ ማለትም በሌዘር ወይም በሬዲዮ ሞገድ፣ ሥሩን መዝጋት፣ ያ ካልሆነ በመርፌ የሚሰጥ አረፋ፣ ያም ካልሆነ ሥሩን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ብሎ ደረጃ አስቀምጧል። እኛ አገር ሁሉም በየቦታው አይገኝም፤ የደም ሥር ቀዶ ሐኪሞችም የሩማቶሎጂ ሐኪሞችም ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም አዲስ አበባ ናቸው። የትኛውም ይሁን፣ ዶፕለር አልትራሳውንድ ሳይታይ ማንም ሥርሽን እንዳይነካ። የትኛው ክዳን እንደላላና የረጋ ደም መኖሩን የሚያሳየው እሱ ነው።

ወጌሻ እግርሽን እንዲያሽ፣ ዋገምትም በሥሩ ላይ እንዲደረግ አትፍቀጂ። ወጌሻችንን አከብራለሁ፤ ለስብራትና ለወለምታ ስንቱን አቁሟል። ግን ደም የረጋበትን እግር ማሸት የረጋውን ደም ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል።

ቀጠሮሽን ከቻልሽ ከኅዳር እስከ ጥር አድርጊው። ከሕክምናው በኋላ ጠባብ የሕክምና ካልሲ ያዙሻል፤ በቆቦ ግንቦት ያን ካልሲ ለብሶ መዋል ፈተና ነው። ጠዋት ከአልጋ ሳትወርጂ ልበሺው። ጣቶችሽ ከታመሙ ብቻሽን አትታገዪ፤ ባልሽ ወይም ልጅሽ የላስቲክ ጓንት አድርጎ ያጥልቅልሽ፤ ጥፍርም ቆዳሽን እንዳይቧጭር። ከመታዘዙ በፊት ግን የእግርሽ የደም ሥር ትርታ ይለካ፤ ደም ወሳጁ ሥር ከጠበበ ካልሲው ይጎዳል።

የምትታከሚው አዲስ አበባ ከሆነ፣ ከዚያ እስከ ቆቦ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ታክመሽ በማግሥቱ መኪና ላይ እንዳትወጪ፤ ስንት ቀን እንደምትቆዪ ሐኪሙን ጠይቂ። ስትመለሺም በአንድ ቀን ለመድረስ አትሩጪ፤ ኮምቦልቻ ወይም ደሴ እደሪ፤ ሐይቅ፣ መርሳ፣ ወልድያ ላይ ወርደሽ ተራመጂ፤ ውኃ ጠጪ። አንዱ እግርሽ ብቻ በድንገት ካበጠ፣ ከጋለና ካመመሽ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂጂ። ደረትሽን ከወጋሽ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ ሌሊትም ቢሆን አትጠብቂ። ሥሩ ከደማ ተኝተሽ እግርሽን ከፍ አድርጊና በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርገሽ ያዢው።

የማኅበረሰብ ጤና መድን ካለሽ ከጤና ጣቢያ ጀምረሽ ሪፈር ተከትለሽ ሂጂ፤ ዘለሽ ከሄድሽ ወጪው በአንቺ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ለመልክ የሚደረግ ሕክምናም በመድኑ አይሸፈንም፤ ስለዚህ እግርሽ እንደሚከብድሽ፣ እንደሚያብጥሽና ሥራ እንደሚያስፈታሽ ሳታፍሪ አስጽፊ። ሪፈሩ ሲጻፍልሽም የደም ሥሩም የመገጣጠሚያውም ሕመም፣ የመድኃኒቶችሽም ስምና መጠን ወረቀቱ ላይ መስፈራቸውን ሳታረጋግጪ ከክፍሉ አትውጪ።