ምዕራፍ 7፦ ሞደሙ እየጮኸ አልገናኝ ሲል

በስልክ መስመር በሞደም የሚደውል ኮምፒውተር ኢንተርኔት አልገባ ባለ ቁጥር «ፎርማት ይደረግ» የሚል ሰው ደጅዎን እንዳይረግጥ። ከዚህ ምዕራፍ ሌላውን ሁሉ ቢረሱ ይህቺን ብቻ ይያዙልኝ። በዴንቨርና በአውሮራ ቤት ለቤት እየዞሩ «እንጠግናለን» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ገሚሶቹ እውነትም ያውቃሉ። ገሚሶቹ ግን ያላቸው መድኃኒት አንድ ብቻ ነው፦ ያለውን ጠራርጎ ደምስሶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን። የታመመው የስልክ መስመሩ ሆኖ ሳለ ኮምፒውተሩን ያርዱታል።

ሀቫና መንገድ አጠገብ የሚኖር አንድ የማውቀው ባለታክሲ በዚህ ጉድ ሆኗል። ሞደሙ አንዳንድ ቀን ወዲያው ይገናኛል፤ አንዳንድ ቀን «የመደወያ ድምፅ የለም» ብሎ ያርፈዋል። ጠጋኙ መጣ፣ ደመሰሰ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። የልጁ የክርስትና ፎቶዎች አብረው ጠፉ። ለማኅበር የጻፋቸው ደብዳቤዎች በፍሎፒ ተርፈው ነበር፤ ነገር ግን የተጻፉበት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም፣ ፓወር ግዕዝ፣ ስለተደመሰሰ ሲከፈቱ የእንግሊዝኛ ፊደልና የነጥብ ጥርቅም ሆነው ተገኙ። በሽታው ግን ሳምንት ሳይሞላ ተመለሰ።

መፍትሔውን ያገኘችው ባለቤቱ ናት። ለመደወል እጀታውን ብታነሳ «ይሄ ስልክ ምን ሆኖ ነው የሚንተባተበው?» አለች። ቮይስ ሜይል ላይ ያልተሰማ መልእክት ሲኖር የመደወያው ድምፅ ወጥ አይሆንም፤ መጀመሪያ ላይ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ሰው ይህን ሰምቶ ያልፈዋል፤ ሞደም ግን ወጥ ድምፅ ካላገኘ መስመር የለም ብሎ ይደመድማል። ከአዲስ አበባ እህቱ የተወችለት መልእክት ሰሚ አጥቶ ተቀምጦ ኖሯል። እኛ ሰዎች ቮይስ ሜይል አንወድም፤ «ጉዳይ ያለው መልሶ ይደውላል» ብለን እንተወዋለን። መልእክቱ ተሰማ፣ ሞደሙም ደወለ። ለዘለቄታው ደግሞ በሞደሙ ማስተካከያ ገጽ ላይ «ከመደወልህ በፊት ድምፅ ጠብቅ» የሚለውን ምልክት ማንሳት ነው።

እንግዲህ የእኔ መድኃኒት ርካሽ ባለገመድ ስልክ ነው። ገመድ አልባው አይሆንም፤ የራሱ ጫጫታ አለው። የሞደሙን ገመድ ከግድግዳው ይንቀሉና ስልኩን እዚያው ቀዳዳ ላይ ይሰኩ። ቴሌቪዥኑን ያጥፉ፣ ልጆቹን ዝም ያሰኙ። እጀታውን አንስተው አንድ ቁጥር ብቻ ይጫኑ። የመደወያው ድምፅ ይቆማል፤ መስመሩ ለጥቂት ሰከንድ ባዶ ይሆናል። ያን ጊዜ ጆሮዎን ይስጡ። ጸጥ ካለ መስመሩ ደኅና ነው። ቆሎ እንደሚቆላ ቢንጣጣ፣ ቢያጓራ ወይም ከሩቅ ሬዲዮ ቢሰማ ግን ሞደሙን አይውቀሱት። በቤቱ ውስጥ ያለውን ተጨማሪ ስልክ፣ ፋክስ፣ መልእክት መቀበያና ከስልክ መስመር ጋር የተያያዘውን የሳተላይት ቴሌቪዥን ሣጥን ሁሉ ነቅለው እንደገና ያዳምጡ። ከዚያ አንድ በአንድ እየመለሱ ይሰኩ፤ ጫጫታው የተመለሰበት ዕቃ ጥፋተኛው ነው። ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎን በምንጣፍ ሥር የተዘረጋውን ረጅም ገመድም ይጠርጥሩ፤ ስንት ጊዜ በወንበር እግር እንደተረገጠ እግዜር ይወቀው።

ቀጥሎ የሚደወለው ቁጥር ነው። በዴንቨር አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1998 በ303 የአካባቢ ኮድ ላይ 720 ከተደረበ ወዲህ ጎረቤት ለመደወልም 10 አሃዝ ያስፈልጋል። ዊንዶውስ 98 ግን ከእርስዎ ጋር አንድ ዓይነት የሆነውን ኮድ በራሱ ዘሎ 7ቱን ብቻ ይደውልና ኦፕሬተሯ «ጥሪዎ አልተሳካም» ስትል ሞደሙ ከእሷ ጋር ሊጨዋወት ይሞክራል። በመደወያ ደንቡ ውስጥ «ኮዱን ሁልጊዜ ደውል» የሚለውን ይምረጡ። ኢንተርኔት ሰጪው ከሚያቀርበው ዝርዝር ውስጥም በ719 የሚጀምር የኮሎራዶ ስፕሪንግስ ወይም በ970 የሚጀምር የፎርት ኮሊንስ ቁጥር እንዳይመርጡ። ይገናኛል፣ ግን የሩቅ ጥሪ ስለሆነ ሊያስከፍል ይችላል።

ደህና ገብቶ እያለ ድንገት የሚቋረጥ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ኮል ዌይቲንግ ነው፤ የሌላ ሰው ጥሪ ድምፅ ሞደሙን ያደናግረዋል። ከቁጥሩ ፊት ኮከብ 70 እና ኮማ ማስገባት ይበቃል፤ ኮማዋ ሞደሙን ለአፍታ ታስጠብቀዋለች። አገልግሎቱ በሌለው መስመር ላይ ግን ኮከብ 70 ራሱ ጥሪውን ሊያበላሽ ስለሚችል አስቀድመው ይጠይቁ። ይህን ስመክር ደግሞ እየፈራሁ ነው፤ ኮል ዌይቲንግ በኮከብ 70 ሲጠፋ ሌላ የሚደውል ሰው መስመሩን ተይዞ ያገኘዋል። አንድ ወዳጄ ኤርፖርት ለትርፍ ሰዓት ሲጠራ ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ቻት ላይ ነበር፤ አለቃው ደጋግሞ ቢደውል መስመሩ ተይዟል፤ ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ልጅ ለትምህርት ነው ቢል እንኳ በሌሊት ትምህርት የለም። ኮምፒውተሩ ሳሎን ይቀመጥ፣ ሰዓቱም በወላጅ ይወሰን።

«56» የተባለው ሞደም 56 ስለማያመጣ መደብሩን አይክሰሱ። በአሜሪካ ደንብ ምክንያት በሰከንድ ከ53 ኪሎቢት በላይ አይሄድም፤ 45 አካባቢ ካገኙ ያመስግኑ። ሞደሙ ተገናኝቶ የይለፍ ቃሉ ስሕተት ነው ከተባሉ ደግሞ የትልቁን ፊደል ቁልፍ ይመልከቱ።

«ነፃ ፕሮግራም» እያለ የሚጋብዝ ገጽ ደግሞ ሞደሙን ሰርቆ ሌላ አገር ሊያስደውል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1997 ራቁት ሥዕል ሊያዩ ፕሮግራም የጫኑ ሰዎች ሳያውቁ ወደ ሞልዶቫ ሲደውሉ ሰንብተው የስልክ ሒሳቡ ዱብ ብሎባቸዋል፤ የፌዴራሉ ንግድ ኮሚሽን አጭበርባሪዎቹን ከሷል። ሒሳቡ ሲመጣ ለሚስት ምን ተብሎ እንደሚነገር አላውቅም።

በበጋ፣ ከጁን እስከ ኦገስት፣ ከቀትር በኋላ ከተራራው የሚወርደው መብረቅ በስልክ ገመድ ገብቶ ሞደም ያቃጥላል። የኤሌክትሪክ መከላከያ ገዝቻለሁ ብሎ መዘናጋት አያዋጣም፤ የስልኩን ገመድ የሚያሳልፍበት ቀዳዳ ከሌለው በዚያ በኩል ቤቱ ክፍት ነው። ሰማዩ ሲጠቁር የኤሌክትሪኩንም የስልኩንም ገመድ ይንቀሉ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ጫጫታው ካልለቀቀ ከቤቱ ውጭ ግድግዳ ላይ ያለውን የስልክ ኩባንያ ሣጥን ያግኙ። ክዳኑ ሲከፈት ውስጡ የመሞከሪያ ቀዳዳ አለ፤ ያንኑ ርካሽ ስልክ እዚያ ሰክተው ያዳምጡ። እዚያም የሚንጣጣ ከሆነ ጥገናው የኩባንያው ነው፤ ሣጥኑ ላይ ጸጥ ብሎ ቤት ውስጥ የሚጮህ ከሆነ ግን ችግሩ የውስጥ ሽቦ ነው። ተከራይ ከሆኑ ለአፓርታማው ቢሮ በጽሑፍ ያመልክቱ፣ ቀኑን ይጻፉበት፣ ግልባጩንም ያስቀሩ።