የተደባለቀ ፕላስቲክ ሒሳብ፡ መልሶ መጠቀም ማንን ያተርፋል? ማንንስ ያስከፍላል?

ስለ ፕላስቲክ ቆሻሻ የሚሠሩ ዜናዎችን ልብ ብላችሁ ከሆነ አብዛኞቹ የሚያልቁት በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። ቆሻሻ ሀብት ነው፣ ፕላስቲክን መልሶ መጠቀም አካባቢን ያድናል፣ ሥራም ይፈጥራል ይባልና ዜናው ይዘጋል። ይህ ውሸት አይደለም። ሙሉው እውነት ግን አይደለም። ጥያቄያችን «ፕላስቲክ መልሶ ጥቅም ላይ ይውላል ወይ?» ብቻ ሳይሆን «የትኛው ፕላስቲክ? በምን ያህል ወጪ? በማን ጉልበት?» የሚል መሆን አለበት ባይ ነኝ። በዚህ ጽሑፍ ላሳይ የምሞክረው ተለይቶ በንጽሕና የተሰበሰበ ፕላስቲክ ሊያተርፍ ሲችል፣ ተደባልቆ የመጣው ግን ወጪው ከገቢው በቀላሉ ሊበልጥ እንደሚችል ነው። ወጪው ደግሞ ጠፍቶ አይቀርም፤ የሚከፍለው ሰው አለ።

ስሙ አንድ፣ ዓይነቱ ብዙ

ብዙዎቻችን «ፕላስቲክ» ስንል አንድ ነገር የምናወራ ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የብዙ ፕላስቲክ ዕቃዎችን ቂጥ ገልብጣችሁ ብታዩ በሦስት ማዕዘን ቀስት መካከል ከ1 እስከ 7 የሆነ ቁጥር ታገኛላችሁ። ቁጥሩን እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣው የአሜሪካ የፕላስቲክ ኢንዱስትሪ ማኅበር ሲሆን፣ የሚነግረን ዕቃው ከምን እንደተሠራ ብቻ ነው። «መልሶ ጥቅም ላይ ይውላል» ማለት አይደለም። የውሃ መያዣው ሃይላንድ 1 ቁጥር (ፔት) ነው። ጀሪካን በአብዛኛው 2 ቁጥር፣ የውሃ ቱቦ 3 ቁጥር (ፒቪሲ)፣ የፕላስቲክ ወንበር ብዙውን ጊዜ 5 ቁጥር (ፖሊፕሮፒሊን) ነው። 7 ቁጥር ደግሞ «ሌሎች» ተብለው የተጠቀለሉት ናቸው።

እነዚህ ዓይነቶች አንድ ላይ ቢቀልጡ እንደ ዘይትና ውሃ ናቸው፤ በደንብ አይዋሐዱም። የማቅለጫ ሙቀታቸውም ይለያያል። ጀሪካኑ በ130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፣ ፖሊፕሮፒሊን 160 አካባቢ ይፈልጋል፣ ሃይላንዱ ግን ከ250 ያላነሰ ሙቀት ይጠይቃል። ሃይላንድ በሚቀልጥበት ሙቀት ውስጥ ፒቪሲ ከገባ ይበሰብሳል፣ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋዝ ይለቃል፣ ማሽን ይበላል፣ የሠራተኛውን ሳንባም ይጎዳል። ትንሽ ፒቪሲ ብዙ ፔት ያበላሻል።

ሌላም አለ። አንድ ሃይላንድ ራሱ ድብልቅ ነው። ጠርሙሱ ፔት፣ ክዳኑ ግን ሌላ ነው፤ የተለጠፈበት ወረቀት መሳይ ላስቲክም ብዙ ጊዜ ሌላ ዓይነት ነው። ይህን ማረጋገጥ ለፈለገ ሰው ላቦራቶሪ አያስፈልገውም። ጠርሙሱንና ክዳኑን በመቀስ ቆራርጦ ባልዲ ውሃ ውስጥ መጨመር ነው። የክዳኑ ቁራጭ ይንሳፈፋል፣ የጠርሙሱ ይሰምጣል። ፋብሪካዎችም የሚለዩት በዚሁ ዘዴ ነው። ችግሩ ፒቪሲም ከፔት ጋር አብሮ ይሰምጣል፤ ሁለቱን ለመለየት ዓይን፣ እጅ ወይም ውድ የሆነ መሣሪያ ያስፈልጋል።

የብሩ ሒሳብ

አሁን ወደ ወጪው እንምጣ። መጀመሪያ ማጓጓዣ አለ። ባዶ ጠርሙስ የጫነ መኪና በአብዛኛው የጫነው አየር ነው፤ ካልተጨፈለቀ የነዳጁ ዋጋ አይመለስም። ቀጥሎ የመለየት ጉልበት፣ ከዚያ መፍጨት፣ በሙቅ ውሃና በኮስቲክ ሶዳ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ማቅለጥ ይመጣል። የተደባለቀና ምግብ የነካው ከሆነ እያንዳንዱ እርምጃ ይረዝማል፣ በየደረጃው የሚጣለውም ይበዛል።

ይህ ሁሉ አልፎ የሚወጣው ምርት ከአዲሱ ፕላስቲክ ጋር ገበያ ላይ መወዳደር አለበት። የአዲሱ ፕላስቲክ ዋጋ ደግሞ ከነዳጅ ዘይት ዋጋ ጋር ይወጣል ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2015፣ በኋላም በ2020 የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ በብዙ አገሮች የሚገኙ መልሶ አምራቾች የተጎዱት በዚህ ምክንያት ነው። ከድብልቁ የሚሠራውም ወፍራም ምሰሶ፣ አግዳሚ ወንበር ወይም የመንገድ ንጣፍ ዓይነት ነገር ነው። ጠርሙስ ተመልሶ ጠርሙስ አይሆንም።

እዚህ ላይ ለሌላው ወገንም መናገር ተገቢ ነው። አገራችን የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ የምታስገባው በውጭ ምንዛሪ ነው። በመሆኑም ተለይቶ የተሰበሰበ ሃይላንድና ጀሪካን ለእኛ እውነተኛ ሀብት ነው። ክርክሬ ከመልሶ መጠቀም ጋር ሳይሆን ከመደባለቅ ጋር ነው።

የአካባቢው ሒሳብ

ማጠቢያው ውሃ የት ይሄዳል? ሳሙናውን፣ ዘይቱንና ቀለሙን ይዞ ሳይጣራ ወንዝ ከገባ ችግሩን ቦታ አዛወርነው እንጂ አልፈታነውም። ፕላስቲክ ሲፈጭና ሲታጠብ በዓይን የማይታዩ ብናኞች ከውሃው ጋር እንደሚወጡም ታውቋል። ተለይቶ የተረፈው ጥራጊ ደግሞ ሜዳ ላይ ከተቃጠለ፣ በተለይ ፒቪሲ ካለበት፣ ዳይኦክሲን የተባለ መርዝ ይለቃል።

ዓለም ይህን ሒሳብ ለረጅም ጊዜ የሸሸው ቆሻሻውን ወደ ሌላ አገር በመላክ ነበር። ሀብታም አገሮች ድብልቅ ፕላስቲካቸውን ጠቅልለው ወደ ቻይና ይልኩ ነበር። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ በሯን ስትዘጋ ጭነቱ ወደ ማሌዢያ፣ ታይላንድና ቬትናም ዞረ። በ2019 የባዝል ስምምነት ተሻሻለና ከ2021 ጀምሮ የተደባለቀና የቆሸሸ ፕላስቲክ ያለ ተቀባዩ አገር ፈቃድ እንዳይላክ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት እስከ 2015 ድረስ በዓለም ላይ ከተጣለው ፕላስቲክ መልሶ ጥቅም ላይ የዋለው 9 በመቶ ያህሉ ብቻ መሆኑን አስልቷል። 12 በመቶው ተቃጥሏል፤ 79 በመቶው መሬት ላይ ቀርቷል።

እኛ ዘንድ የሚለየው ማን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ መልሱ ቀላል ነው፤ ቆራሌው ነው። ማዳበሪያውን ተሸክሞ በየመንደሩ እየጮኸ ያለፈ ሰው ፋብሪካው ሊከፍልበት የማይፈልገውን የመለየት ሥራ በእግሩና በእጁ ይሠራል። የሰበሰበው መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳል፤ እዚያ በዓይነት በዓይነቱ ይከፈላል። ልብ በሉ፣ ቆራሌው ሃይላንድና ጀሪካን ይገዛል፤ የቆሸሸ ፌስታል ግን በነፃ ብትሰጡትም አይወስድም። ከማንኛውም ጥናት በፊት የድብልቅ ፕላስቲክን ዋጋ የነገረን እሱ ነው።

ቆራሌው ያልወሰደው ቆሼ ይሄዳል። እዚያም የሚለቅሙ አሉ፤ እናቶች፣ ወጣቶች፣ ሕፃናት ጭምር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ የከተማው ቆሻሻ ሒሳብ በማን ላይ እንደተጻፈ ሁላችንም አየን። በ2010 ዓ.ም. እዚያው ረጲ ላይ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመርቋል። ማቃጠል ክምሩን ይቀንሳል፤ ነገር ግን ፕላስቲክ የነዳጅ ዘር ስለሆነ ሲቃጠል ያው ካርቦን ነው።

ሕጉስ? በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ስስ ፌስታልን ለመቆጣጠር ሞክሮ ነበር። ፌስታሉ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ከእጃችን አልጠፋም። በ2017 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ከላይ ባየነው ሒሳብ ስንመዝነው አቅጣጫው ትክክል ነው፤ መልሶ ለመጠቀም የማያዋጣውን ነገር መጀመሪያውኑ አለማምረት ይቀላል።

ማጠቃለያ

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይባላል። እኛም ቤታችን ውስጥ ሃይላንዱን ከወጥ ትርፍራፊ ጋር ደባልቀን ከጣልን በኋላ፣ ሌላ ሰው በባዶ እጁ እንዲለቅመው እናደርጋለን። ከቤት መለየት ግማሽ ደቂቃ ይወስዳል፤ ቆሼ ላይ መለየት ግን ጤና፣ አንዳንዴም ሕይወት ያስከፍላል።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ደግሞ የራሳችን ድርሻ አለን። ነገ አንዱ ድርጅት «ፕላስቲክን ወደ ሀብት እለውጣለሁ» ብሎ መግለጫ ሲጠራን አጨብጭበን ከመመለሳችን በፊት አምስት ነገር እንጠይቅ። የስንት ቁጥር ፕላስቲክ ነው? ማን ይለየዋል፣ ስንት ይከፈለዋል? ማጠቢያው ውሃ የት ይፈሳል? የተረፈው ጥራጊ ምን ይሆናል? የነዳጅ ዋጋ ቢወርድስ ፋብሪካው ይቆማል ወይ? ለእነዚህ መልስ ያለው ድርጅት ዜና ይገባዋል። መልስ የሌለውም ዜና ነው፤ ርዕሱ ግን ሌላ ይሆናል።