የጀልባዬ ወለል ሻገተ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ዓሣ የማሰግርበት የእንጨት ጀልባ አለኝ። ከክረምቱ ወዲህ ወለሉ ሻግቶ ጠቁሯል፤ ሲረገጥም ይሰረጉዳል። በረኪና አፍስሼ ቀለም ብቀባው ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። በረኪና ከላይ የሚታየውን ጥቁረት ያነጣል እንጂ እንጨቱ ውስጥ ዘልቆ አይገባም፤ እርጥብ እንጨት ላይ የተቀባ ቀለም ደግሞ ውሃውን አፍኖ ይይዘዋል።

መጀመሪያ ጀልባውን ከውሃ አውጥተው የወለሉን ጣውላዎች ይንቀሉ። ውሃው የሚገባበትን ይፈልጉ፦ ከመገጣጠሚያ፣ ከላላ ምስማር ወይስ ከዝናብ? ይህ ካልተዘጋ ሌላው ድካም ከንቱ ነው። ቀጥሎ እንጨቱን በወስፌ ወይም በካቻቢቴ ይውጉት። አልገባ ካለ ጉዳቱ የላይ ሻጋታ ነው፤ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው በሳሙና ውሃ ይፈግፍጉት። ሰተት ብሎ ከገባ ግን በስብሷል፤ ጤነኛው እንጨት ድረስ ቆርጠው ይተኩት። ወለሉን የሚሸከሙትን አግዳሚዎች በተለይ ይመርምሩ፤ እነሱ ከበሰበሱ ለሕይወት ያሰጋል።

አብስባሽ ፈንገስ የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ ሲያንስ ማደግ ያቆማል። ስለዚህ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ለሳምንታት ያድርቁት፤ ጠራራ ፀሐይ ይሰነጥቀዋል። ሲደርቅ የጣውላውን ጫፎች ጭምር ቀለም ይቀቡ፤ እንጨት ውሃ በብዛት የሚጠጣው በተቆረጠው ጫፉ ነው። ሲገጥሙም በጣውላዎቹ መካከል የአየር መተላለፊያ ይተዉ፤ ከሥር የተጠራቀመውን ውሃ በየቀኑ ቀድተው ያውጡ።