ትኩስ ድስት የት ይቀመጥ? የሴራሚክና የኮምፖዚት ንጽጽር

በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ለማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ሴራሚክ ይሻላል ወይስ ኮምፖዚት ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መልሱ ከቤታችን ዕቃዎች ይጀምራል።

የሸክላ ምጣድ ሴራሚክ ነው፤ የወለል ንጣፉም የዚሁ ወገን ነው። አተሞቹ በአዮናዊና በኮቫለንታዊ ትስስር ስለተያያዙ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል እንኳ አይለሰልስም። ይሁን እንጂ አተሞቹ በቀላሉ ስለማይንሸራተቱ፣ ሲመታ ወይም በድንገት ሲቀዘቅዝ የተጀመረውን ስንጥቅ የሚገታው የለም።

ጭድ የገባበት የግድግዳ ጭቃ ደግሞ ኮምፖዚት ነው፤ ጭዱ ስንጥቁን ይዞ ያቆመዋል። ለጠረጴዛ የሚውለው ሰው ሠራሽ ድንጋይም በክብደቱ 90 በመቶ ያህል የኳርትዝ ፍርፋሪ ሲሆን፣ ቀሪው በአብዛኛው ሬዚን የተባለ ማያያዣ ነው። ሬዚኑ ምትን የመቋቋም አቅም ይጨምርለታል፤ ነገር ግን 150 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ሊጎዳ ይችላል።

እንግዲህ ትኩስ ድስት ለሚያርፍበት ሴራሚክ፣ ምት ለሚበዛበት ኮምፖዚት ይመረጣል። ምርጫው የቆራጩን ሠራተኛ ሳንባም ይመለከታል፦ የኳርትዝ ብናኝ ሲሊኮሲስ የተባለውን የሳንባ በሽታ ያስከትላል። አውስትራሊያ ይህን ሰው ሠራሽ ድንጋይ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ያገደችው ስለዚህ ነው። ስለሆነም ማናቸውንም በደረቁ አትቁረጡ፤ ውሃና የመተንፈሻ ጭንብል ተጠቀሙ።