ስኮርታ ጎማና የነፋሷ ነገር

በዚህ ጽሑፋችን የምናነሣው ስለ ስኮርታ ጎማ፣ ማለትም መንገድ ላይ አንዱ ጎማ ሲተነፍስ ስለሚተካው መጠባበቂያ ጎማ አያያዝ ነው። መምህርንና ጎማን ምን አገናኛቸው? የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሳችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ለማስተማር ልምምድ ወደ ገጠር ትምህርት ቤት የምንጓዘው በመኪና ነው፤ መንገድ ላይ ከቀረን ተማሪው ያለ መምህር ይውላል። ሁለተኛ፣ ስለ አየር ግፊትና ስለ ሙቀት ለልጆች የምናስተምረው ሁሉ እዚያች ጎማ ውስጥ ታሽጎ ይገኛል፤ ከመጽሐፍ ሥዕል እሷ ትሻላለች ባዮች ነን።

ስኮርታ በመሠረቱ ሁለት ዓይነት ነው። እንደ ላንድክሩዘርና ሚኒባስ ያሉት የሚይዙት ከአራቱ ጎማዎች ጋር እኩል የሆነ ሙሉ ጎማ ሲሆን፣ እንደ ቪትዝ ባሉ ትንንሽ የቤት መኪናዎች ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምትገኘው ከኋላ ምንጣፍ ሥር የተኛች ቀጭን ጎማ ናት። ይህች ቀጭኗ በአሜሪካ መኪና ሠሪዎች ዘንድ የተስፋፋችው እ.ኤ.አ. ከ1973 የነዳጅ ዋጋ መናር በኋላ ባሉት ዓመታት ነው፤ የመኪናን ክብደት መቀነስና ቦታ ማትረፍ ያኔ ትልቅ ጉዳይ ሆኖ ነበርና። ጎኗ ላይ «ቲ» የሚባለው የላቲን ፊደል ይታተማል፤ ጊዜያዊ ናት ማለት ነው። የሚነፋላት ነፋስም ተጽፎባታል፤ ብዙውን ጊዜ 60 ፒ.ኤስ.አይ.፣ በሌላው መለኪያ 4.2 ባር ገደማ። የቤት መኪና ዋና ጎማዎች ግን አብዛኞቹ ከ30 እስከ 35 ነው የሚነፉት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጎሚስታው አምስቱንም ጎማ በአንድ ቁጥር ነፍቶ ይሸኛል፤ ባለመኪናውም «ተነፍታለች» ብሎ ይዘጋል። ቁጥሩን ከጎኗ አንብቦ ለጎሚስታው መንገር የባለቤቱ ፋንታ ነው።

ለመሆኑ ያልተነዳ ጎማ ነፋሱ የት ይሄዳል? ላስቲክ ለዐይን ድፍን ቢመስልም አየርን በጥቂት በጥቂቱ ያሳልፋል፤ በቫልቮላውና በቸርኬው ጠርዝም ሾልኮ ይወጣል። ደኅና የሚባለው ጎማ እንኳ በወር ከ1 እስከ 2 ፒ.ኤስ.አይ. ይቀንሳል። ሒሳቡን እንሥራው ካልን፣ 60 የነበረች ስኮርታ ሁለት ዓመት ሳትታይ ብትቆይ፣ በወር 1 ከቀነሰች 36 ላይ ትደርሳለች፤ 2 ከቀነሰች ደግሞ የሚቀራት 12 ነው። 12 ማለት እንዳልተነፋች ነው።

ወደ አንኮበር አቅጣጫ ለልምምድ ስንወጣ የደረሰብንም ይኸው ነው። በኮንትራት የያዝናት መኪና የኋላ ጎማዋ ጎረቤላ ሳንደርስ ተነፈሰ። ሾፌሩ ሳይደናገጥ ክሪኩን አወጣ፣ ስኮርታዋን ገጠመ፤ ክሪኩን ሲያወርድ ግን ጎማዋ እንደ ሊጥ ተዘረጋች። ክሪክ አለ፣ ቁልፍ አለ፣ ጎማ አለ፤ የጠፋው የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። የተነፈሰው ጎማ በአላፊ አይሱዙ ተጭኖ ወደ ደብረ ብርሃን ተመለሰ፤ እኛም ብርዱ ላይ ቆመን ዋልን። የሚጠብቁን የሦስተኛ ክፍል ልጆች የዚያን ቀን ሒሳባቸውን ሳይማሩ ወደየቤታቸው ሄዱ። «ተራራው ሙሉ ነፋስ ነው፤ ምን ዋጋ አለው፣ ጎማ ውስጥ አይገባ!» ሲል አንዱ ጓደኛችን ቀልዶ ነበር።

ወደ ትምህርቱ እንመለስ። የነፋስ መለኪያ የሚያሳየው በጎማው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ግፊት ምን ያህል እንደሚበልጥ ነው እንጂ ጠቅላላውን ግፊት አይደለም። የውጭው አየር ግፊት በባሕር ወለል 14.7 ፒ.ኤስ.አይ. ሲሆን፣ 2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ግን 10.4 ያህል ብቻ ነው። በጣርማ በር ዋሻ አልፈን፣ ደብረ ሲናን ወርደን፣ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ወደ 12.6 ከፍ ይላል። እንግዲህ እዚህ 60 ያነበብንበት ጎማ፣ ሙቀቱ ባይለወጥ ኖሮ፣ እዚያ 58 ገደማ ባሳየ ነበር። ሮቢት ግን ሞቃት ስለሆነ ሙቀቱ የጎደለውን ይሞላል፤ አልፎም ሊጨምር ይችላል። ከቁልቁለቱ ይልቅ የሚያሳስበው የራሳችን ብርድ ነው። ከሰዓት በኋላ በ20 ዲግሪ ሙቀት 60 የተነፋች ስኮርታ፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሌሊቱን ወደ 0 ዲግሪ ቢያወርዳት፣ ጠዋት 55 ገደማ ታሳያለች። አልተቀደደችም፣ አልሾለከችም፤ አየሩ ቀዝቅዞ ነው። ስለዚህ የምትለካው ጠዋት፣ መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ነው።

ቁጥጥሩ በወር አንድ ጊዜ፣ ረጅም መንገድ ከመውጣት በፊትም ቢሆን ይበቃል። ነፋሷ ከተለካ በኋላ ቫልቮላውና የቸርኬው ጠርዝ በሳሙና ውኃ ይቀባል፤ አረፋ ከነፋ እዚያ ይሾልካል። (ይህን ልጆች ፊት ማሳየት እንዴት ደስ ይላል!) የጎኗ ላስቲክ መሰነጣጠቁም ይታያል። ዕድሜዋን ለማወቅ ጎኗ ላይ ያለውን ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ማንበብ ነው፦ 3519 ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2019 በ35ኛው ሳምንት ተሠርታለች። መንገድ ያልነካች ብትሆንም ላስቲክ ያረጃል፤ ከ10 ዓመት በላይ ባትቆይ ነው የሚመከረው። ሚኒባስና ፒክአፕ ላይ ስኮርታው ከሆዱ ሥር በሰንሰለት ስለሚንጠለጠል ጭቃው ማውረጃውን ያዝገዋል፤ አልፎ አልፎ ማውረድና ቅባት መቀባት ያሻል። ክሪኩና የብሎን ቁልፉም በቦታቸው መኖራቸው ይታይ።

መንገድ ላይ ስትቀየር ደግሞ፣ መኪናው ሜዳ ቦታ ይቆማል፤ የእጅ ፍሬን ይያዛል፤ በሌላው ጫፍ ያለው ጎማ በድንጋይ ታኮ ይደረግበታል። ብሎኖቹ የሚላሉት ክሪኩ ከመነሣቱ በፊት ነው፤ ሲጠብቁም በዙር ሳይሆን ፊት ለፊት የሚተያዩት በየተራ። ቀጭኗ ስኮርታ ከሌሎቹ ስለምታንስ በአንድ ኪሎ ሜትር የበለጠ ትሽከረከራለች። ከሞተሩ ኃይል በሚቀበለው እግር ላይ ከተገጠመች ዲፈረንሻሉ ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ ይሞቃልም። ስለዚህ በፊት እግሩ የሚሳብ መኪና የፊት ጎማው ቢተነፍስ፣ የኋላውን ደኅና ጎማ ወደ ፊት አምጥቶ ቀጭኗን ኋላ መግጠም ነው። ልፋት ነው፤ ግን ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ልዩነቱ ይታወቃል።

ፍጥነቷ በሰዓት ከ80 ኪ.ሜ. አይበልጥም። ርቀቱንም ብዙ አምራቾች በ80 ኪ.ሜ. ገደማ ይወስኑታል። ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪ.ሜ. ያህል ስለሆነ ያደርሳል። አዲስ አበባ ግን 130 ኪ.ሜ. ነው፤ ሸኖን ካለፍን በኋላ መንገድ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው እዚሁ ከተማ ጎማውን አስጠግኖ ይነሣ። የተጠገነው ጎማ ከተገጠመ በኋላ ስኮርታዋ ወደ ቦታዋ ከመመለሷ በፊት ነፋሷ ይለካል፤ ቫልቮላዋም ወደ ላይ ሆኖ ትተኛለች። እንዲህ ከተኛች በሚቀጥለው ወር ከቦታዋ ሳትነሣ መለካት ይቻላል።