እምነት ሲጠፋ ገበያው ይወድቃል



ባለፈው ሳምንት በጥናት ቡድናችን ውስጥ አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ብዙ አከራከረን። ጥያቄውም «ያታለለው አንድ ኩባንያ ሆኖ ሳለ የሌሎቹ አክሲዮን ለምን ይረክሳል?» የሚል ነበር። ያገኘነውን መልስ እነሆ አቅርበናል። የአሜሪካ ዘመናት የተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ፣ አክሲዮን ማለት በአንድ ኩባንያ ላይ ያለ የባለቤትነት ድርሻ ነው። ገዢው ግን ኩባንያው ውስጥ ገብቶ መጋዘን አይቆጥርም፣ ካዝናም አይከፍትም። የሚያየው መሪዎቹ ያወጡትንና የሂሳብ መርማሪ «ትክክል ነው» ብሎ የፈረመበትን መግለጫ ብቻ ነው። ስለዚህ ገንዘቡን የሚያወጣው የመሪዎቹን ቃል አምኖ ነው።

ይህ እምነት ሲጓደል ምን እንደሚሆን በአሜሪካ በ2001 እና በ2002 ታይቷል። ኤንሮን በሂዩስተን ከተማ የነበረ ትልቅ የኃይል ኩባንያ ሲሆን፣ በ2000 አንድ አክሲዮኑ ወደ 90 ዶላር ያወጣ ነበር። መሪዎቹ ግን ዕዳውን በሌሎች ድርጅቶች ስም ይደብቁ ነበር። ነገሩ ሲጋለጥ ዋጋው ከ1 ዶላር በታች ወረደ፤ ኩባንያውም በዲሴምበር 2 ቀን 2001 ኪሣራውን አስታወቀ። የብዙ ሠራተኞች የጡረታ ቁጠባ በዚያው አክሲዮን ተቀምጦ ስለነበር አብሮ ቀለጠ።

ሕዝቡ ከዚህ ድንጋጤ ሳይወጣ በጁን 2002 ዎርልድኮም የተባለው የስልክ ኩባንያ 3.8 ቢሊዮን ዶላር ወጪ በሐሰት መመዝገቡ ተሰማ። ዘዴው ቀላል ነው። አንድ ነጋዴ የከፈለውን የሱቅ ኪራይ ሱቁን እንደገዛ አድርጎ ቢጽፍ ወጪው ይቀንሳል፤ ትርፉም የበዛ ይመስላል። የሁለቱንም ኩባንያዎች ሂሳብ የመረመረው ደግሞ አርተር አንደርሰን የተባለው ያው አንድ ድርጅት ነበር።

እዚህ ላይ ነው የጥያቄያችን መልስ ያለው። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንደሚባለው፣ ሕዝቡ ሐቀኛውን ከአታላዩ መለየት ስላልቻለ ሁሉንም ጠረጠረ። ዳው ጆንስ የሚባለው የገበያ መለኪያ በማርች 2002 ከ10,600 ነጥብ በላይ ነበር፤ በጁላይ 23 ግን ወደ 7,700 ወረደ። እርግጥ ነው፣ የኢኮኖሚው መቀዛቀዝም ድርሻ ነበረው። ቢሆንም በጁላይ 9 ፕሬዚዳንት ቡሽ ሕዝቡን ለማረጋጋት ንግግር ሲያደርጉ ገበያው በዚያኑ ዕለት ወርዷል። ንግግር ብቻውን እምነትን አይመልስማ!

በጁላይ 30 አዲስ ሕግ ወጣ። ዋና ሥራ አስኪያጁና የፋይናንስ ኃላፊው በሂሳቡ ላይ ራሳቸው እንዲፈርሙ፣ ሆን ብለው በሐሰት ከፈረሙ እስከ 20 ዓመት እንዲታሰሩ፣ መርማሪዎቹም ተቆጣጣሪ እንዲኖራቸው ተደነገገ። የዎርልድኮም መሪ የነበረው በርናርድ ኤበርስ በ2005 የ25 ዓመት እሥራት ተፈረደበት።

ይህ ለኛ ምናችን ነው? የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል። ነገ በምንመደብበት ቦታ ወላጆች «አክሲዮን እንግዛ ወይ?» ብለው ሊጠይቁን ይችላሉ። ግዙ ወይም አትግዙ ማለት የኛ ሥራ አይደለም። «መጀመሪያ ሂሳቡን ማን ፈረመበት? ማንስ መረመረው? ያላችሁንስ ሁሉ አንድ ቦታ አታስቀምጡ» ማለት ግን እንችላለን።

ደግሞም እኛ ራሳችን ፈራሚዎች ነን። አንድ መምህር ፈተና ሳያርም ማርክ ሞላ ከተባለ፣ ወላጅ የሚጠራጠረው የእሱን ሮስተር ብቻ አይደለም፤ የጎረቤት ክፍሉንም ጭምር ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች፦
1. መርማሪው ደመወዙን የሚያገኘው ከሚመረምረው ኩባንያ ቢሆን ምን ችግር ይፈጠራል?
2. የጠፋን እምነት ለመመለስ ቅጣት ብቻውን ይበቃል ትላላችሁ?

መልሳችሁን ጽፋችሁ ከዚሁ ሰሌዳ ላይ ለጥፉልን።